የምሥራቅ ኢትዮጵያን የድንጋይ መሣሪያዎች ያጠኑት ፕሮፌሰር ዴዝሞንድ ክላርክ

ጭሮና ገለምሶ የሚገኙበት የጨርጨር ደጋ ስሙ በአብዛኛው የሚነሳው በቡናውና በጫቱ ነው። ይሁንና በተራራው ሰንሰለት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ለገ ኦዳ የተሰኘ የአለት ጥላ አለ። የሰው ልጅ ብረት ከማወቁ በፊት በምን ይቆርጥ፣ በምን ይፍቅ እንደነበር ከሚያስረዱ የአገራችን ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሥፍራውን ያጠኑት እንግሊዛዊው የቅድመ ታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ጆን ዴዝሞንድ ክላርክ ናቸው።

ክላርክ በ1916 ለንደን ውስጥ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1938 በዛሬዋ ዛምቢያ የሊቪንግስተን ከተማ ቤተ መዘክር ኃላፊ ሆኑ። ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመጣቸው ግን ምርምር ሳይሆን ጦርነት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከእንግሊዝ ጦር ጋር በኢትዮጵያና በሶማሊያ ሲያገለግሉ ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት የድንጋይ መሣሪያዎችን ይለቅሙና ይመዘግቡ ነበር። በዚያ ጊዜ ቤተ መዘክሩን ያስተዳደሩት ባለቤታቸው ቤቲ ናቸው። ከጦርነቱ የተገኘው ዕውቀት በ1954 ስለ አፍሪካ ቀንድ ቅድመ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ተጠናቅሮ ወጣ። በ1961 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

ወደ ኢትዮጵያ በተመራማሪነት የተመለሱት አገሪቱ በአብዮት ማዕበል ውስጥ በነበረችበት በ1974 ነው። በዚያው ዓመት በድሬዳዋ አጠገብ የሚገኘውንና ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን ዋሻ ቆፈሩ። ዋሻው ለዓለም የታወቀው በ1929 በሁለት ፈረንሳውያን፣ በቴያር ደ ሻርዳንና በአንሪ ደ ሞንፍሬድ፣ አማካይነት ሲሆን፣ በ1933ም ተቆፍሮ ነበር።

ድንጋይ መፍለጥ ላልሞከረው ሰው ቀላል ይመስላል። ሠሪው በአንድ እጁ የሚፈለጠውን እናት ድንጋይ፣ በሌላው መምቻውን ይይዛል። ምቱ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ባነሰበት ቦታ ላይ ካላረፈ ድንጋዩ ወይ አይሰነጠርም ወይ ይደቅቃል። በትክክል ከተመታ ግን ስለታም ስንጣሪ ይወጣል። በስንጣሪው ውስጠኛ ገጽ ላይም የምቱን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ እብጠት ይቀራል። ተመራማሪ በጎርፍ የተሰበረውን በሰው እጅ ከተሠራው የሚለየው በዚህ ምልክትና በተደጋጋሚ በሚታየው የአመታት ሥርዓት ነው።

ስለዚህም ክላርክ ያማረውን መሣሪያ መርጦ የቀረውን መጣል አይቀበሉም ነበር። ጭራሽ ቆሻሻ የሚመስለው ስብርባሪ ማን እንደሠራው ባይናገርም እንዴት እንደተሠራ ይናገራል። ድንጋዩ ከወደቀበት አፈር ከተነሳ ግን ዕድሜውን የሚናገር ነገር አይቀርም። ይህ ጉዳይ መንገድና ካባ የሚፈቅዱ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታ ወይም በማዕድን ቁፋሮ ወቅት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሁሉ እንዲያሳውቅ ግዴታ የጣለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የፖርክ ኤፒክ ሠሪዎች እናት ድንጋዩን አስቀድመው አዘጋጅተው የፈለጉትን ቅርጽ በአንድ ምት የማውጣት ጥበብ ነበራቸው። ባልጩታቸውም ከሩቅ የመጣ ነው። በ2006 የታተመ የኬሚካል ጥናት እንዳረጋገጠው ከምንጮቹ አንዱ በምዕራብ ሐረርጌ የሚገኘው የአሰቦት ተራራ ነው። ብዙዎቻችን በገዳሙ የምናውቀው አሰቦት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ዋሻ ባልጩት ያቀርብ እንደነበር መገንዘብ ያስደንቃል። በለገ ኦዳ ደግሞ ታሪኩ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። መሣሪያዎቹ እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ስለት ላይ ሣርና መሰል ዕፅዋት ሲቆረጥባቸው የሚፈጠር አንጸባራቂ ልስላሴ ታይቷል።

ከ1975 ጀምሮ ፕሮፌሰሩ በላይኛው ዋቢ ሸበሌ፣ ገደብ በተባለው ደጋማ ሜዳ ቆፈሩ። ከ2 ሺህ 300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ባለው በዚህ ብርዳማ ሥፍራ የተገኙት የእጅ መጥረቢያዎች የጥንት ሰው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ደጋውን መልመዱን አስረድተዋል።

ክላርክ ያጠኑት የሞተውን ብቻ አልነበረም። ከሂሮ ኩራሺና ጋር ሆነው በዘመናችን ባልጩት እየጠረበ ቆዳ የሚፍቅን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ሥራ ደረጃ በደረጃ መዝግበው በ1981 አሳተሙ። ኅብረተሰቡ ለረጅም ዘመን ዝቅ አድርጎ ያየው ሙያ ለዓለም ሳይንስ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

በ1981 ከቲም ኋይት ጋር በመካከለኛው አዋሽ ሥራ ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎችን የመስክ ሥራ አገደ፤ እገዳውም ለዓመታት ቆየ። በዚህ ጊዜ ያልተቋረጠው ሥልጠናው ነው። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኔ አስፋው በ1988 በበርክሌይ ዶክትሬታቸውን አግኝተው በኋላ የምርምሩ መሪ ከሆኑት አንዱ ናቸው። በእኛ አመለካከት ከክላርክ ሥራዎች ሁሉ ለአገር የከበደው ይህ ነው፤ ቀደም ያሉት አሳሾች ድንጋዩን ይዘው ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሮ ይሄድ ነበርና።

መስኩ ዳግም ሲከፈት ክላርክ ከማስተማር በጡረታ ተሰናብተው ነበር፤ ቢሆንም ወደ አፋር በረሃ ተመለሱ። በ1999 ይፋ የሆነው ጥናት በቡሪ በድንጋይ ስለት የተበለቱ የ2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዓመት የእንስሳት አጥንቶች መገኘታቸውን ሲያበስር እርሳቸውም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበሩ።

ፕሮፌሰር ክላርክ በፌብሩዋሪ 2002 በ85 ዓመታቸው በካሊፎርኒያ አረፉ። የሥራዎቻቸውን የድንጋይ ሥዕሎች ሲሥሉ የኖሩት ቤቲም ከሁለት ወር በኋላ ተከተሏቸው። በጁን 2003 የሄርቶ ሰዎች ይፋ ሲሆኑ ስለ 160 ሺህ ዓመቱ ሥፍራና ስለ ድንጋይ መሣሪያዎቹ የሚገልጸው ጽሑፍ ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ወጣ። በጸሐፊዎቹ ዝርዝር የመጀመሪያው ስም የክላርክ፣ ሁለተኛው የዶክተር ዮናስ በየነ ነበር።