ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ እና ትንሿ የብር መስቀል

የካቲት 1 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 8፣ የቅድስት ዮሴፊና ባኪታ መታሰቢያ ነው። ከጎረቤታችን ከሱዳን ተገኝታ በባርነት ቀንበር ሥር ያደገች፣ በኋላም በጣልያን አገር በካኖሳውያን እኅቶች ማኅበር መንኵሳ ያረፈች ይህች አፍሪካዊት ቅድስት በብዙዎቻችን ዘንድ የምትታወቀው በደረሰባት መከራ ነው። መከራዋ በእርግጥ የሚረሳ አይደለም። ታሪኳን በጥሞና ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ለመሆኑ ስለ ክርስቶስ መጀመሪያ የነገራት ማን ነበር? ካህን አልነበረም፤ የታወቀ ሰባኪም አልነበረም። የአንድ ቤተሰብ ርስት አስተዳዳሪ የነበሩ ተራ ምእመን ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባኪታ በ1869 ገደማ በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር፣ ኦልጎሳ በተባለች መንደር ተወለደች። ከብዙ እኅትና ወንድም ጋር በደስታ የሚኖር ቤተሰብ ነበራት። በመጀመሪያ ታላቅ እኅቷን ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱባቸው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እርሷም ገና በሕፃንነቷ በዚያው እጅ ወደቀች። ድንጋጤው እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ከአእምሮዋ ጠፋ፤ እስከ ዕለተ ሞቷም ድረስ ሊታወሳት አልቻለም። በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት የሆነውን ባኪታ የሚለውን ስም ያወጡላት የነጠቋት ሰዎች ናቸው።

እስከ ኤል ኦቤይድ ገበያ ድረስ በባዶ እግሯ ተነዳች። አንድ ጊዜ ከሌላ ልጅ ጋር ለማምለጥ ብትሞክርም መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይዞ መልሶ ሸጣት። እንዲህ እያለች ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆይታ አንድ የቱርክ የጦር አዛዥ ቤት ደረሰች። በዚያ ቤት የባለቤትነት ምልክት እንዲሆን ሰውነቷን በስለት በ114 ቦታ ተለተሉት፤ ጠባሳው ጎልቶ እንዲቀርም በቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሱበት። ከአንድ ወር በላይ ከተኛችበት ምንጣፍ አልተነሣችም።

በአማርኛችን ጌታ የሚለው ቃል ባሪያ ለሚገዛው ሰውም፣ ለመድኃኔ ዓለምም ይነገራል። ለባኪታ ይህ ቃል የዕለት ኑሮዋ ጥያቄ ነበር። በልጅነቷ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን እየተመለከተች የእነዚህ ውብ ነገሮች ጌታ ማን ይሆን ብላ ታስብ፣ ልታየውና ልትሰግድለትም ትመኝ እንደ ነበር በኋላ ተናግራለች። የምታውቃቸው ጌቶች ግን ጅራፍ የያዙ ነበሩ። ብዙ ዘመን ቆይታ መነኵሲት ከሆነች በኋላም እግዚአብሔርን በቬኔስያ አካባቢ ቋንቋ ጌታዬ ብላ ስትጠራ፣ ይህንኑ ገበሬው ባለርስቱን የሚጠራበትን ቃል ትጠቀም ነበር።

በ1883 በካርቱም የነበረ ካሊስቶ ሌኛኒ የሚባል የጣልያን ምክትል ቆንስል ገዛት። በእርሱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጅራፍ ኖረች። በአገራችን ታሪክ ደርቡሽ የሚባለው የማሕዲ ጦር ካርቱምን ሲያስጨንቅ ቆንስሉ አገሩ ለመግባት ተነሣ፤ እርሷም አብራው ትሄድ ዘንድ ለመነችው። በሱአኪን በኩል ተጉዘው በ1885 ጄኖቫ ወደብ ደረሱ። ሌኛኒ ግን ለራሱ አላስቀራትም፤ ለወዳጁ ለአውጉስቶ ሚኪየሊ ባለቤት ሰጣት። በቬኔስያ አቅራቢያ በምትገኘው በዚያኒጎ መንደር የዚህ ቤተሰብ አገልጋይ ሆነች፤ ሚሚና የምትባል ሴት ልጃቸው ስትወለድም ሞግዚት ሆና አሳደገቻት።

የሚኪየሊ ቤተሰብ ስለ ሃይማኖት ብዙም የሚያስብ አልነበረም። ነገር ግን የቤተሰቡን ርስትና ጉዳይ የሚያስፈጽሙት አቶ ኢሉሚናቶ ኬኪኒ በእምነታቸውና ለድሆች ባላቸው ርኅራኄ በአካባቢው የታወቁ የልጆች አባት ነበሩ። በሥራ ምክንያት ሲመላለሱ ሞግዚቲቱን አዩ፤ ስለ እግዚአብሔር ያስተማራት ሰው እንደሌለም ተረዱ። ካቴኪስቶቻችን ልብ እንዲሉልን የምንወደው ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። ትምህርት አልዘረጉም፤ ቋንቋውንም ገና በቅጡ አታውቀው ነበር። እንደ ልጃቸው ቀረቧት፤ በገዛ ቤተሰባቸውም መካከል ተቀበሏት። አንድ ቀን ትንሽ የብር መስቀል ይዘው መጡ። ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው በአክብሮት ተሳለሙት። ከዚያም በመስቀሉ ላይ ያለው የእግዚአብሔር ልጅ ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑን፣ ለእኛም ብሎ መሞቱን በጥቂት ቃል ነግረው ሰጧት።

ባኪታ ነገሩ አልገባትም። ነገር ግን እመቤቷ እንዳትወስድባት ፈርታ መስቀሉን ደበቀችው። ብቻዋን ስትሆን በሥውር እያወጣች ትመለከተው ነበር፤ በተመለከተችውም ቁጥር ምን እንደሆነ ልታስረዳው የማትችለው ስሜት በልቧ ያድርባት ነበር። የራሷ የምትለው አንዳች ነገር ሳይኖራት ላደገች ልጅ ይህ ስጦታ ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ያስበው።

በ1888 ሚኪየሊ በሱአኪን ወደ ከፈተው ሆቴል እመቤቲቱ ለመሄድ ስትነሣ ሕፃኗና ሞግዚቷ የሚቆዩበት ቦታ ተፈለገ። በዚህ ጊዜም ምክር የሰጡት አቶ ኬኪኒ ናቸው። በእርሳቸው አማካይነት ሁለቱ በቬኔስያ በካኖሳውያን እኅቶች ዘንድ፣ ንዑሰ ክርስቲያን በሚማሩበት ቤት ተቀመጡ። ማሪያ ፋብሬቲ የተባሉ እኅት አስተማሯት። ልጅ ሳለች በሰማይ ብርሃናት በኩል ትፈልገው የነበረው ጌታ ማን እንደሆነ፣ እርሱ ራሱ መገረፉንና መሰቀሉን ያወቀችው በዚህ ቤት ነው።

ወራት አልፈው እመቤቲቱ ልትወስዳት ስትመጣ ባኪታ አልሄድም አለች። ይህን መናገር ቀላል አልነበረም። የምትወዳትን ሕፃን መለየት ነበረባት፤ እንጀራዋን የሰጣትን ቤተሰብ ማስቀየም ነበረባት፤ ከገዳሙ ውጭ ደግሞ መጠጊያ የላትም። እመቤቲቱ ተቈጣች፣ አለቀሰች፣ ውለታ ቢስ አለቻት። ብትመለስ ግን ጥምቀቷን እንደምታጣ ባኪታ ፈራች። ነገሩ እስከ ፓትርያርኩ እስከ ካርዲናል ዶሜኒኮ አጎስቲኒና እስከ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። በኖቬምበር 29 ቀን 1889 በጣልያን ሕግ ባርነት የሌለ በመሆኑ ባኪታ ነጻ ሰው ናት፣ የምትኖርበትንም ራሷ ትመርጣለች ተብሎ ተፈረደ። በጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ከካርዲናሉ እጅ ጥምቀትን፣ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን በአንድ ቀን ተቀበለች። ከክርስትና ስሞቿ አንዱ የሆነው ፎርቱናታ ፈንጋዮቹ ያወጡላት የባኪታ ትርጉም ነው። ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነችው በዚህ ነው እያለች የጥምቀቱን ገንዳ ስትስም ያዩአት ነበሩ።

በ1896 በቬሮና የምንኵስና መሐላዋን ፈጸመች፤ በ1902 ደግሞ ስኪዮ ወደምትባል በሱፍ ፋብሪካዎቿ ወደታወቀች ከተማ ተላከች። ከአንዳንድ ዓመታት በቀር ቀሪ ዕድሜዋ በሙሉ ያለፈው በዚህ ነው። ምግብ አበሰለች፣ ልብስ ሰፋች፣ ጥልፍ ጠለፈች፣ የጸሎት ቤቱን ንዋያት ጠበቀች። ለታመሙ እኅቶች ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን ሳይቀር ታሞቅ እንደ ነበር ይነገራል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የገዳሙ አንድ ክፍል የቁስለኞች ሆስፒታል ሲሆን ወታደሮቹን አገለገለች።

ከሁሉ ይልቅ የከተማው ሕዝብ ያወቃት በበር ጠባቂነቷ ነው። የሚለምነው ድሀ፣ ያዘነችው እናት፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሷን ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚገቡትን ልጆች እጇን በራሳቸው ላይ እያኖረች ትቀበላቸው ነበር። ንግግሯ አጭር ነበር፤ ቋንቋውም የመንደር ቋንቋ ነበር። ማድሬ ሞሬታ፣ ማለትም ጥቁሯ እናት፣ ብለው ይጠሯት ጀመር። ሰዎቹ የነገሯትን ይዛ ወደ ጸሎት ትገባ ነበር። ዳግመኛ ላላየቻቸው ለወላጆቿና ለወገኖቿም፣ እርሷ ያወቀችውን ጌታ ያውቁ ዘንድ ትመኝና ትጸልይ ነበር።

በ1931 ኢዳ ዛኖሊኒ የተባለች ጸሐፊት የሕይወት ታሪኳን ባሳተመች ጊዜ ዝናዋ በመላ ጣልያን ተሰማ። ከ1933 ጀምሮ አለቆቿ ከቻይና ከተመለሰች መነኵሲት ጋር በየከተማው ላኳት። ሕዝቡ አዳራሽ ሞልቶ ሊያያት ይጋፋ ነበር፤ እርሷ ግን ጥቂት ቃል ተናግራ ትቀመጣለች፤ እንደ ብርቅ መታየቱም ይከብዳት ነበር። የጣልያን መንግሥት በ1935 አገራችንን የወረረው በዚሁ ዘመን ነው። ስለ አፍሪካ የሚነገረው ሁሉ ለጦርነቱ ቅስቀሳ ሊውል በሚችልበት በዚያን ጊዜ አንዲት ጥቁር መነኵሲት መድረክ ላይ መቀመጧ ለሌላ ዓላማ ሊውል ይችል እንደ ነበር ለእኛ አይሠወረንም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የባኪታን ሐዋርያነት ለመረዳት ከአዳራሹ ይልቅ የገዳሙ በር ይሻላል።

አንድ ተማሪ የነጠቋትን ሰዎች ብታገኝ ምን እንደምታደርግ ጠይቋት፣ ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም መልሳለች፤ በእነርሱ ምክንያት ክርስቲያን ሆናለችና። ይህን መልስ ባርነትን እንደ ማመስገን የሚወስድ ሰው ይሳሳታል። ጨው የተነሰነሰበትን ቁስል እስከ መጨረሻው በሰውነቷ ተሸክማ የኖረች ናት፤ ይቅር ያለችውን በደል በልኩ ታውቀዋለች። ቤተ ክርስቲያንም ከ2015 ጀምሮ መታሰቢያዋን በሰው ልጆች ንግድ ለተያዙት የጸሎት ቀን አድርጋዋለች።

ቆየት ብሎም በቪመርካቴ፣ ለስብከተ ወንጌል ወደ ሩቅ አገር የሚላኩ ወጣት እኅቶች በሚሠለጥኑበት ቤት እንደገና በር ጠባቂ ሆነች። ልጃቸውን ሊሰናበቱ የሚመጡ ወላጆችን በበሩ ላይ ተቀብላ የምታጽናናው፣ ከወላጆቿ በግድ የተለየችው ባኪታ ነበረች።

ወደ ስኪዮ ከተመለሰች በኋላ ሕመም ጸናባት፤ በተሽከርካሪ ወንበርም ተቀመጠች። ሊጠይቃት የመጣ አንድ ጳጳስ በወንበሩ ላይ ምን እንደምትሠራ ቢጠይቃት፣ እርሱ የሚሠራውን፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንደምትሠራ በፈገግታ መለሰችለት። በመጨረሻዎቹ ቀናት የባርነቷ ዘመን ተመልሶባት እግሯን የከበዳትን ሰንሰለት እንዲያላሉላት አስታማሚዋን ትለምን ነበር። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1947 የእመቤታችንን ስም እየጠራች ዐረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 ብፅዕት፣ በኦክቶበር 1 ቀን 2000 ደግሞ ቅድስት ብለው ዐወጁላት።

ባረፈች ጊዜ የስኪዮ ሕዝብ ሊሰናበታት በገዳሙ በር ተሰለፈ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አስከሬኗ እየቀረቡ፣ ያቺን እጇን አንሥተው እንደ ቀድሞው በልጆቹ ራስ ላይ ያኖሩት እንደ ነበር ይነገራል።