ጥላሁን ገሠሠ፦ ከወሊሶ የትምህርት ቤት መድረክ የተነሣ የሕይወት ግብ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ስም የጥላሁን ገሠሠ ነው። ድምፁ በከተማ አዳራሾች ብቻ ሳይወሰን በባትሪ ድንጋይ በሚሠሩ ራዲዮኖች አማካይነት እስከ ገጠር ጎጆ ዘልቋል። በሀገር ፍቅር፣ በክብር ዘበኛና በብሔራዊ ቴአትር መድረኮች ላይ ያሳለፋቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ ተነግረዋል። ከእነዚህ መድረኮች በፊት የነበረው፣ አንድ የወሊሶ ተማሪ ሙዚቃን በዓይኑ አይቶ የሕይወቱን ግብ የቆረጠበት ወቅት ግን ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ ትልቅ ትምህርት አለው።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት በአዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ፣ እናቱም ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በልጅነቱ ከአያቱ ዘንድ ይኖር ዘንድ ወደ ወሊሶ ተወሰደ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገብቶ መማር ጀመረ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ማዜሙ ካደገበት አካባቢ ጋር የነበረውን ትስስር ያሳያል።

የልጁ ዝንባሌ ወዴት እንደሆነ ለመታወቅ ጊዜ አልወሰደም፤ ሙዚቃ ከትምህርቱ ይልቅ ይስበው ነበር። አያቱ ግን ይህን አልወደዱለትም። በዚያ ዘመን ትምህርት ለአንድ ቤተሰብ የመንግሥት ሥራና የክብር በር ነበር። ዘፋኝነት ደግሞ እንደ ሙያ የሚቆጠር አልነበረም፤ አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ በብዙዎች አንደበት የሚነገረው በንቀት ነበር። ስለዚህ አያቱ የልጅ ልጃቸው ልቡን በደብተሩ ላይ እንዲያሳርፍ መምከራቸው ከፍቅር የመነጨ እንጂ ከክፋት የመጣ አልነበረም። በአንጻሩ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የሱዳን ተወላጅ የነበሩት ሚስተር ሸዳድ፣ የልጁን ተሰጥኦ ተረድተው ያበረታቱት፣ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሙያውን እንዲከታተልም ይመክሩት ነበር። ልጁ በሁለት ምክሮች መካከል ቆሞ ሳለ ውሳኔውን ያጸናለት የአንድ ቀን ትርኢት ሆነ።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ ሕዝብን ለማነቃቃት የተመሠረተ ነው። ከነጻነት በኋላ የሙዚቃና የቴአትር ቤት ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። የማኅበሩ ከያንያን በመዲናይቱ ብቻ አልተወሰኑም፤ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች እየወጡ ትርኢት ያሳዩ ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስን ጨምሮ የማኅበሩ ሰዎች ወሊሶ ደርሰው በጥላሁን ትምህርት ቤት ዝግጅታቸውን አቀረቡ።

ቴሌቪዥን ባልነበረበት፣ ሸክላም በጥቂት ቤቶች ብቻ ይገኝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሙያዬ ብለው የያዙ ከያንያንን በቅርብ ማየት ለአንድ የወረዳ ተማሪ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ዕድል አልነበረም። ያ ትርኢት ለጥላሁን አንድ ነገር አረጋገጠለት፤ ሙዚቃ ከልጅነት ጨዋታ አልፎ ሰው ሊሠራበትና ሊኖርበት የሚችል ሙያ መሆኑን አየ። ይሁንና በአድናቆት ብቻ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። አቶ ኢዮኤልን ቀርቦ ፍላጎቱን ገለጠላቸው፤ እርሳቸውም በዚህ ሙያ ለመቀጠል ከፈለገ አዲስ አበባ መግባት እንደሚኖርበት አስረዱት። እስከዚያ ድረስ ምኞት ብቻ የነበረው ነገር ከዚያ ወዲያ የሚደረስበት ቦታና የሚወስድ መንገድ ያለው ግብ ሆነ።

መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። ጥላሁን ለአያቱ ሳያሳውቅ ትምህርቱን ትቶ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ሲደርስ የሥጋ ዘመዱ ከሆኑት ከወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አደረ። እርሳቸውም እንደ ማንኛውም አስተዋይ ዘመድ ልጁን ወደ አያቱ መለሱት። የመጀመሪያው ሙከራ በዚሁ ከሸፈ። ጥላሁን ግን በአያቱ ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዳግመኛ ተነሣ፤ ይህን ጊዜ በእግሩ ሳይሆን በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ግቡ ያው ነበር፤ የለወጠው መንገዱን ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ወላጅ ሥጋት ቢገባው አይፈረድበትም። ከቤት ጠፍተው ወደ ከተማ ከተሰደዱ ልጆች መካከል እንደ ጥላሁን ስሙ የተጠራ ጥቂት ነው፤ በጎዳና የቀረው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ከታሪኩ መወሰድ ያለበት መጥፋቱ አይደለም። ልጁ ዝንባሌውን ለይቶ ማወቁ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጠየቁ፣ በመጀመሪያው መሰናክል አለመመለሱ ነው። አያቱና ርእሰ መምህሩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ስለ ልጁ የተመካከሩበት ጊዜ ቢኖር ኖሮ፣ ያ የጭነት መኪና ጉዞ አስፈላጊ ባልሆነ ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርስ በሀገር ፍቅር ማኅበር ተቀጠረ። ወሊሶ ላይ ከታች ሆኖ ወደተመለከተው መድረክ ራሱ ወጣ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተሻገረ። ይህ ሽግግር ከአንድ የሙዚቃ ዓለም ወደ ሌላው መሄድ ነበር። ሀገር ፍቅር ስሙ የሚነሣው በይበልጥ ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጋር ነው። ክብር ዘበኛ ደግሞ በትራምፔትና በሳክስፎን የተደራጀ፣ በኖታ የሚመራ፣ በወታደራዊ ሥርዓት የሚለማመድ ነበር። በዚያም እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎች ነበሩ። የኢትዮጵያን ቅኝት ከእነዚያ የነሐስ መሣሪያዎች ጋር ባዋሐደው በዚህ አዲስ ድምፅ ውስጥ ጥላሁን ግንባር ቀደም ድምፃዊ ሆነ። ሀዋሳ በሐይቋ ዳር በተቆረቆረችበት በ1950ዎቹ መባቻ፣ የጥላሁን ስም በአዲስ አበባ አድማጮች ዘንድ አስቀድሞ ታውቆ ነበር።

ዝና ግን ከመከራ አላዳነውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሳይሳካ ቀረ። የጦር ክፍሉ ባልደረቦች በጥርጣሬ ታዩ፤ ጥላሁንም ታስሮ ለተወሰነ ጊዜ ቆየ። ከእስር ከወጣ በኋላ ወደ መድረኩ ተመለሰ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ተብሎ በሚጠራው ቤት አገለገለ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አገሪቱን ድርቅና ረኀብ በመታት ጊዜ ጥላሁን ድምፁን ለተራቡት ርዳታ ማሰባሰቢያ አዋለ። ሕዝቡ እንደ ራሱ ልጅ እንዲያየው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለሙዚቃና ለሀገር ላበረከተው አገልግሎት የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ከቤት ጠፍቶ ትምህርቱን ላቋረጠ ልጅ፣ ከአገሪቱ ቀዳሚ የትምህርት ተቋም የክብር ማዕረግ መቀበል ለአያቱ ሥጋት ከብዙ ዘመን በኋላ የተሰጠ ምላሽ ይመስላል።

በመጨረሻ ዓመታቱ የስኳር ሕመም ጸናበት፤ በዚሁ ሕመም ምክንያት አንድ እግሩ ተቆርጧል። ይህም ሆኖ በሕዝብ ፊት መታየቱን አላቆመም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት በ68 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። በመስቀል በዓል የተወለደው ሰው በፋሲካ ተለየ። እጅግ ብዙ ሕዝብ በመስቀል አደባባይ ተገኝቶ ተሰናበተው፤ ሥርዓተ ቀብሩም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተፈጸመ።

ዛሬ የጥላሁንን ዘፈን ለመስማት ስልክ ማውጣት ይበቃል። የወሊሶውን ተማሪ የለወጠው ግን የተቀዳ ድምፅ አልነበረም፤ በፊቱ ቆመው የዘፈኑ ሰዎች ናቸው። የሚታይ ሙዚቃ የሙያውን ድካም፣ የላቡን መጠንና የመግባባቱን ጥበብ አብሮ ያሳያል። ከዘፈኑ በኋላም ቀርቦ ለመጠየቅ ዕድል ይሰጣል።

የሀዋሳ ነዋሪ ከዚህ ዕድል ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲደርስ በጉዱማሌ የሚሰማው የቄጣላ ዜማ፣ ከሲዳማ ቀበሌዎች የመጡ አባቶችና ወጣቶች በአካል የሚያቀርቡት ሕያው ሙዚቃ ነው። በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በከተማዋ አንድ ክፍለ ከተማ ባህል አዳራሽ ተብሎ በመድረክ ስም ይጠራል። በመሃል ከተማም ሆነ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ዝግጅት ይዞ ቢሄድ የሚያወጣው ወጪ ትንሽ፣ የሚያተርፈው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ከዝግጅቱ በኋላ ልጁ ምን እንደማረከው መጠየቅ፣ ጥያቄ ካለውም ክራር መቺውን ወይም ድምፃዊውን እንዲያነጋግር መፍቀድ፣ ትምህርቱን ሳይተው የሚለማመድበትን ሰዓት አብሮ መወሰን ይቻላል።

ጥላሁን ገሠሠን ለኢትዮጵያ ያተረፈው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም። ከመዲናይቱ ርቀው ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሄዱ ከያንያን፣ ተሰጥኦውን አይተው ዝም ያላሉ መምህር፣ ለአንድ ልጅ ጥያቄ ቁም ነገር ሰጥተው የመለሱ ባለሙያም በታሪኩ ውስጥ አሉ። ቀጣዩ ድምፅ ከየትኛው ቀበሌ እንደሚነሣ ማንም አያውቅም፤ ሲነሣ ግን የሚሰማው ጆሮ በቅርቡ መገኘት ይኖርበታል።