ሥዕል የወደደ የኬላ ቀራጭ

አንሪ ሩሶ የተባለው ፈረንሳዊ ዕድሜው ወደ አርባ ዓመት እስኪጠጋ ድረስ ሥዕል መሥራቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ። የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በፓሪስ ከተማ መግቢያ በኬላ ቆሞ፤ ወደ ከተማው ከሚገባው ወይንና እህል፤ ከወተቱና ከመብራቱም ዘይት ቀረጥ በመቀበል ነበረ። ስለ ትምህርትና ስለ መንግሥት ብዙ መጻሕፍት የጻፈው ዣን ዣክ ሩሶ ሌላ ሰው ነውና አንባቢ እንዳይሳሳት። የዚህ የኬላ ቀራጭ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስና በለንደን፤ በፕራግና በኒው ዮርክ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለው ይታያሉ። መምህር ያልነበረው ሰው ከምን ተነሥቶ ከምን እንደ ደረሰ፤ ምንስ እንደ ቀረበት ከዚህ በታች እንናገራለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሩሶ በ1844 ዓመት በግንቦት ወር፤ በምዕራብ ፈረንሳይ ላቫል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበረ፤ ነገር ግን ዕዳ ስለ በዛበት ቤቱ ተወሰደበት። ልጁም በትምህርት ቤት ሳለ በሥዕልና በዜማ ሽልማት ከማግኘቱ በቀር ትምህርቱ የሚያስመካ አልነበረም። በጐልማሳነቱ በአንድ ጠበቃ ዘንድ ሲያገለግል ጥቂት ገንዘብና ቴምብር ወስዶ ስለ ተገኘ ታሰረ፤ ወታደርም ሆነ። በ1868 አባቱ ሲሞት ውትድርናውን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በማግሥቱም ዓመት ክሌማንስ የምትባል ሴት አገባ፤ በ1871 በከተማው የቀረጥ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ከወለዷቸው ልጆች የሚበዙት በሕፃንነት ሞቱ፤ ክሌማንስም በ1888 ዐረፈች።

ሥዕል መሥራት በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ የተጻፈ ነገር የለም። የኬላ ሥራ ግን ረጅም ሰዓት መጠበቅ ያለበት ሥራ ስለ ሆነ፤ ሰው በማያልፍበት ጊዜና በዕረፍት ቀን ብሩሽ ማንሣቱን ለመደ። የሥዕል ትምህርት ቤት እንዳይገባ ገንዘቡም ዕድሜውም አልፈቀዱለትም። ስለዚህ በ1884 ሉቭር በተባለው ታላቅ ቤተ መዘክር ተቀምጦ የቀደሙትን ሠዓሊዎች ሥራ ለመቅዳት የሚያስችል የፈቃድ ወረቀት ለመነ፤ ተሰጠውም። የሌላውን ሰው ሥዕል መቅዳት ለብዙዎች አሰልቺ ነገር ነው። ነገር ግን መምህር ለሌለው ሰው ከዚህ የሚሻል ጉባኤ ቤት አይገኝም። ሥዕሉን ቆሞ በማየት ብቻ የማይታወቀው ነገር፤ የቀለሙ አደራረብ፤ የጥላው አወዳደቅ፤ በእጅ ሲሞክሩት ይገለጣልና። ዣን ሌዎን ዤሮምና ፌሊክስ ክሌማን የተባሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎችም ከተፈጥሮ በቀር ሌላ መምህር እንዳይፈልግ እንደ መከሩት ኋላ ራሱ ተናግሯል።

በዚያ ዘመን በፓሪስ መንግሥት የሚያከብረው የሥዕል ማሳያ ዳኞች ነበሩት፤ ዳኞቹም እንደ ሩሶ ያለውን ሥራ ከደጅ ይመልሱት ነበረ። በ1884 ግን ነጻ ሠዓሊዎች የተባሉት ተሰብስበው ዳኛ የሌለበት ማሳያ አቆሙ። ሩሶም በ1886 ወደዚያ ገባ፤ ከዚያም በኋላ ከጥቂት ዓመታት በቀር እስኪሞት ድረስ ሥራውን ማቅረብ አልተወም። በመጀመሪያው ጊዜ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ፤ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች በጨረቃ ብርሃን ቆመው፤ ከሥራቸውም ሁለት ትንንሽ ሰዎች የበዓል ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ነው። የዛፎቹ ጭራሮ እያንዳንዱ ሳይቀር ተሥሏል፤ ሰዎቹ ግን መሬት የረገጡ አይመስሉም።

ሕዝቡ ከሥዕሎቹ ፊት ቆሞ ይሥቅ ነበረ። የጋዜጣ ጸሐፊዎችም ሕፃን በእግሩ የሠራው ይመስላል እስከ ማለት ደርሰው ይዘብቱበት ነበረ። ሩሶ ያን ሁሉ ጽሑፍ፤ የሚያመሰግነውንም የሚሰድበውንም፤ ከጋዜጣው እየቈረጠ በአንድ ደብተር ላይ ይለጥፈው ነበረ። ለዚህ ጸሐፊ ከሥዕሎቹ ይልቅ ይህ ደብተር የሚያስደንቀው ይመስለዋል። ስድብን ሰምቶ መታገሥ ብዙ ሰው ይችላል፤ በገዛ እጁ ለጥፎ የሚያኖረው ግን ማን ነው?

እንግዲህ መሻሻሉን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ሥዕሎችን ያስተያይ። በ1890 ራሱን ሥሎ አቀረበ። በዚህ ሥዕል ጥቁር ልብስ ለብሶ፤ ቆብ ደፍቶ፤ ብሩሽና የቀለም ገበታ ይዞ በወንዝ ዳር ቆሟል፤ ከበስተኋላው በባንዲራ ያጌጠች መርከብና ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረው የኤፌል ግንብ ይታያሉ። እርሱ ግን ከግንቡም ከመርከቢቱም ይገዝፋል፤ እግሮቹም በመንገዱ ላይ የተንሳፈፉ ናቸው። በገበታው ላይ የሚስቱን የክሌማንስን ስም ጻፈ፤ በ1899 ሁለተኛ ባገባ ጊዜም የዮዜፊንን ስም ጨመረበት። በማግሥቱ ዓመት፤ በ1891፤ በዝናም ማዕበል መካከል በሣር ውስጥ ያደባ ነብር ሠራ። የዝናሙን ጅራፍ በመላው ሸራ ላይ በስለት ያሰመረው ይመስል በቀጫጭኑ አወረደው፤ ቅጠሉም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል። በዚህ ሥዕል መሬት የሚረግጥ እግር መሣል አላስፈለገውም፤ ሣሩ ይሸፍነዋልና። የማይችለውን ከሚችለው ጋራ ማቻቻል የጀመረው በዚህ ጊዜ ይመስላል። ፌሊክስ ቫሎቶን የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሠዓሊም በአገሩ ጋዜጣ ላይ ነብሩን አመሰገነው።

ሩሶ በ1893 ሥራውን ለቅቆ በጥቂት ጡረታ መኖር ጀመረ። ጡረታው ለቀለምና ለሸራ ስላልበቃው ለሠፈሩ ልጆች ቫዮሊንና ሥዕል ያስተምር ነበረ፤ ከቀለም ነጋዴም በዱቤ ይወስድ ነበረ። በ1897 በምድረ በዳ የተኛች ሴትና የሚያሸታት አንበሳ ያለበትን ሥዕል ሠራ፤ በማግሥቱም ዓመት የትውልድ አገሩ የላቫል ከተማ ትገዛው ዘንድ ለከንቲባው ጻፈ። ዋጋውን ከ1800 እስከ 2000 ፍራንክ አለ። ከተማይቱ አልገዛችም። ያ ሥዕል ዛሬ በኒው ዮርክ ነው።

ስለ ታላላቆቹ የዱር ሥዕሎች አንድ ተረት ይወራ ነበረ፤ በወታደርነቱ ጊዜ ወደ ሜክሲኮ ዘምቶ ያን ጫካ በዓይኑ አይቷል ይባል ነበረ። እርሱም ወሬውን አላስተባበለም። እውነቱ ግን ከፈረንሳይ አገር ወጥቶ አያውቅም። ጫካው በፓሪስ ውስጥ ዣርደን ደ ፕላንት የሚባለው የአትክልት ስፍራ ነበረ። በዚያ የሞቃት አገር ዕፀዋት በመስተዋት ቤት ይበቅላሉ፤ የሞቱ አራዊትም ቆዳቸው ተሞልቶ በሕይወት እንዳሉ ሆነው ቆመዋል። በ1905 ያቀረበው፤ ሚዳቋ ላይ የወደቀው የተራበ አንበሳ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሸራው ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሲሠራ ያዩት ሰዎች እንደ መሰከሩት፤ አንዱን ቀለም በሚገባው ስፍራ ሁሉ ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም ነበረ፤ አረንጓዴውንም በብዙ ዓይነት እየለየ ቅጠሉን አንድ በአንድ ያወጣው ነበረ። ለጥድፊያ ሰው የማይመች አሠራር ነው።

የሰውዬው ነውር መሰወር የለበትም። በ1907 አንድ የሚያውቀው ሰው አግባብቶት በሐሰት ወረቀት ከፈረንሳይ ባንክ ገንዘብ አወጣ፤ ስለዚህም በታኅሣሥ ወር ታሰረ። ጠበቃው ያን የጋዜጣ ደብተርና ከሥዕሎቹ አንዱን ለዳኞች አሳይቶ፤ እንዲህ ያለው የዋህ ሰው ተንኰል ሊያውቅ አይችልም ብሎ ተከራከረለት። በ1909 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ስለ ተያዘ ወደ ወኅኒ አልተመለሰም፤ መቶ ፍራንክም መቀጫ ተጣለበት። ሃያ ዓመት የደከመበት ሥራ የሞኝነቱ ምስክር ሆኖ በችሎት ፊት መቆሙ ከመቀጫው ይልቅ የሚያሳፍር ነገር ነበረ።

በዚያው ወራት ግን ወጣቶቹ ሠዓሊዎች ያከብሩት ጀመር። ፒካሶ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሩሶ የሠራውን የአንዲት ሴት ሥዕል አግኝቶ በአምስት ፍራንክ ገዛው፤ ነጋዴውም ሸራው ሌላ ሥዕል ሊሣልበት ይችላል ብሎ ነበረ የሸጠለት። በ1908 ፒካሶ ለሽማግሌው ግብዣ አደረገ። ከተጋባዦቹ አንዳንዶቹ ለመሣቅ መጡ፤ እርሱ ግን ክብሩን ከልቡ ተቀብሎ ቫዮሊኑን መታላቸው።

ገጣሚው ጊዮም አፖሊኔርም ሥዕሉን እንዲሠራለት ፊቱ በቆመ ጊዜ፤ ሩሶ አፍንጫውንና ግንባሩን፤ እጁንና ቁመቱን ልብስ ሰፊ እንደሚለካ እየለካ ልኩን ወደ ሸራው አሸጋገረ። በግርጌው የገጣሚ አበባ የሚባለውን አበባ ለመሣል አስቦ በስሕተት ሌላ አበባ ሣለ። ስሕተቱንም ባወቀ ጊዜ፤ የስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ ሳለ፤ ሥዕሉን በሌላ ሸራ ላይ ከነሙሉው እንደ ገና ሠራው። አንደኛው ዛሬ በሞስኮ፤ ሁለተኛው በባዝል ከተማ ይገኛል።

በ1910 የመጨረሻውን ታላቅ የዱር ሥዕሉን ለነጻ ሠዓሊዎች ማሳያ አቀረበ። በጨረቃ በሚበራ ጫካ ውስጥ አንዲት ሴት በአልጋ ላይ ተጋድማለች፤ አንበሶች ከቅጠሉ መካከል ይመለከታሉ፤ አንድ ጥቁር ሰውም ዋሽንት ይነፋል። በዚያው ዓመት የእግሩ ቍስል ስለ መረቀዘ መስከረም 2 ቀን በሐኪም ቤት ሞተ፤ በድኆችም መቃብር ተቀበረ። በማግሥቱ ዓመት ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው የራሱን መቃብር ገዙለት፤ በ1913 ደግሞ አፖሊኔር ለእርሱ የጻፈውን ግጥም ቀራጺው ብራንኩሲ በድንጋዩ ላይ ቀረጸው። በ1947 አፅሙ ከፓሪስ ተነሥቶ፤ ሥዕሉን አልገዛም ወዳለችው ወደ ላቫል ከተማ ተወሰደ፤ በዚያም ባለ የአትክልት ስፍራ አረፈ።