ጋሊሌዮ ጋሊሌይ
ጋሊሌዮ ጋሊሌይ (ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 - ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 እ.ኤ.አ.) የጣልያን የሥነ ፈለክ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የሚወድቅ አካል ፍጥነቱ ከጊዜው ጋር እኩል እየጨመረ እንደሚሄድ በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህም የመሬት ስበትን ለመለካት የሚያገለግለው ትንሽ የሽምጠጣ (ፍጥንጥነት) መለኪያ ጋል ተብሎ በስሙ ተሰይሟል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ጋሊሌዮ በፒሳ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ሙዚቀኛና የሙዚቃ ተመራማሪ ነበር። በ1581 ሕክምና ለመማር ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልቡ ግን ወደ ሒሳብ ስላደላ በ1585 ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። በ1589 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆነ። ከ1592 እስከ 1610 ድረስ ደግሞ በፓዱዋ አስተማረ።

የመውደቅ ሕግ

በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት የአሪስጣጣሊስን ትምህርት ተከትለው ከባድ ነገር ከቀላል ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል ይሉ ነበር። ጋሊሌዮ ይህን ሐሳብ ተቃወመ። ከፒሳ ዘንባላ ግንብ ላይ ኳሶችን ጣለ የሚለው ታሪክ በደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ የተጻፈ ሲሆን፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል።

ዋናው ሙከራው የተካሄደው በዘቅዛቃ ሰሌዳ ላይ ነው። በቀጥታ የሚወድቅ ነገር በዚያ ዘመን መሣሪያ ለመለካት እጅግ ፈጣን ስለነበር፣ ኳስ በተዳፋት ቦይ ላይ እያንከባለለ እንቅስቃሴውን አዘገየው። ጊዜውን የለካው ከዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚፈስሰውን ውኃ ሰብስቦ በመመዘን ነው። በእኩል የጊዜ ክፍሎች ውስጥ የሚሸፈነው ርቀት እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ እንደሚጨምር አገኘ። ይህም ጠቅላላው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል ማለት ነው።

ሕጉን በትክክል ቢያገኝም የስበቱን መጠን ግን አልደረሰበትም። በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ኳስ በ5 ሰከንድ 100 ክንድ እንደሚወድቅ ጽፎ ነበር። የፍሎረንስ ክንድ 58 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሲሰላ ወደ 470 ጋል ይመጣል። ትክክለኛው መጠን 980 ጋል ገደማ ነው፤ የጋሊሌዮ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ጥሩ መጠን የተገኘው ከሞቱ በኋላ ሆላንዳዊው ሁይገንስ በፔንዱለም ሲለካ ነው።

የሥነ ፈለክ ሥራዎቹና ፍርዱ

በ1609 የራሱን ቴሌስኮፕ ሠራ፤ በጃንዋሪ 1610 የጁፒተርን አራት ታላላቅ ጨረቃዎች አየ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስ ትምህርት በመደገፉ በ1616 ከሮም ቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣናት ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የ1632ቱ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ለፍርድ ቀረበ፤ ጁን 22 ቀን 1633 ትምህርቱን እንዲክድ ተገደደ። በመጀመሪያ የተፈረደበት እስራት ወደ ቤት እስር ተቀየረለት። በ1634 የምትቀርበው ልጁ ማሪያ ቸለስተ ሞተችበት። በ1638 ገደማ ደግሞ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ስለ መውደቅ ሕግ የጻፈው ዋና መጽሐፍ የተጠናቀቀው በዚህ የቤት እስር ውስጥ ነው። በጣልያን ማሳተም ስላልተቻለ በ1638 በሆላንድ፣ በሌይደን ከተማ ታተመ። ጋሊሌዮ በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ በ77 ዓመቱ አረፈ። በ1992 ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ፈራጆቹ መሳሳታቸውን በይፋ ገለጹ።

ጋል የተባለው መለኪያ

1 ጋል ማለት ፍጥነት በየሰከንዱ በ1 ሳንቲሜትር በሰከንድ ሲጨምር ያለው ሽምጠጣ ነው። የመሬት ስበት ከቦታ ቦታ የሚለያየው በጥቂቱ ስለሆነ ከጋል ያነሱ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ።

* 1 ሜ/ሰ² = 100 ጋል
* 1 ጋል = 0.01 ሜ/ሰ² = 1,000 ሚሊጋል
* 1 ሚሊጋል = 0.00001 ሜ/ሰ² = 1,000 ማይክሮጋል
* 1 ማይክሮጋል = 0.00000001 ሜ/ሰ²

ስለዚህ ሜ/ሰ²ን ወደ ሚሊጋል ለመቀየር በ100,000 ማባዛት፣ ሚሊጋልን ወደ ሜ/ሰ² ለመመለስ በ100,000 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ መደበኛው የመሬት ስበት 9.80665 ሜ/ሰ² ሲቀየር 980.665 ጋል ወይም 980,665 ሚሊጋል ይሆናል።

ጋል በኢትዮጵያ

ከፍታ በ1 ሜትር ሲጨምር ስበት በ0.3086 ሚሊጋል ገደማ ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በቡራዩ በኩል የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 2,600 በ0.3086 ሲባዛ 802 ሚሊጋል ይሆናል፤ ይህም 0.802 ጋል ወይም 0.008 ሜ/ሰ² ገደማ ነው። በገፈርሳ ከከፍታው የተነሣ ብቻ የሚቀነሰው የስበት መጠን ይህን ያህል ነው። አንድ የስበት መለኪያ መሣሪያ 0.01 ሚሊጋል መለየት ከቻለ፣ 3 ሳንቲሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ንባቡን ይለውጠዋል። ስለዚህ የስበት ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች የቦታውን ከፍታ በጥንቃቄ መለካት አለባቸው።

በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፒየር ጉዋን እና ፖል ሞር በ1964 በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ መንገዶች ላይ የተለካ የስበት ጥናት አሳትመዋል። የከፍታውና የድንጋዩ ውጤት ተቀንሶ ሲታይ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከ200 ሚሊጋል በላይ ጉድለት የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። ይህም 0.002 ሜ/ሰ² ብቻ ነው፤ ሆኖም ከደጋው ሥር ጥልቅ፣ ቀላል ይዘት ያለው አካል እንዳለ ያመለክታል። ጋሊሌዮ በውኃ ሚዛን የጀመረው ልኬት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምድርን ውስጥ ለማጥናት የዋለው በዚህ መንገድ ነው።