አልብሬክት ፎን ግሬፌ፦ የዓይን ግፊትን በመቀነስ ብርሃንን የታደገ ሐኪም

በሪያድ ደቡባዊ ክፍል በሺፋ ሠፈር የሚኖር አንድ የግላኮማ ሕመምተኛ ዛሬ የዓይኑን ግፊት በሌዘር ለማስቀነስ ወደ ሐኪም ቢሄድ፣ ሕክምናው የሚወስደው ደቂቃዎችን ብቻ ነው፤ በዚያው ዕለትም ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሕክምናው መሠረት የተጣለው ግን ሌዘር ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በጀርመናዊው ሐኪም በአልብሬክት ፎን ግሬፌ እጅ ነበር።

ፎን ግሬፌ እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1828 በበርሊን ተወለደ። አባቱ ካርል ፈርዲናንድ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ልጁም በ1847 በበርሊን የሕክምና ትምህርቱን አጠናቆ በፕራግ፣ በፓሪስ፣ በቪየናና በለንደን ዕውቀቱን አዳበረ። ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ የዓይን ክሊኒክ ከፈተ፤ በዚያም ድሆችን ያለ ክፍያ ያክም ነበር።

በዚያ ዘመን ግላኮማ ፈውስ የሌለው በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1851 ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጣዊ ክፍል የሚያሳየውን መሣሪያ ሲያስተዋውቅ፣ ፎን ግሬፌ ወዲያውኑ ለምርመራ አዋለው። በመጀመሪያ የግላኮማ ሕመምተኞች የዓይን ነርቭ ጫፍ ያበጠ መስሎት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ነርቩ ያበጠ ሳይሆን የጎደጎደ መሆኑን ተረድቶ የቀደመ ሐሳቡን አረመ። ይህም በሽታው ከዓይን ግፊት ጋር ያለውን ዝምድና ይበልጥ ግልጽ አደረገለት።

በሌሎች የዓይን ሕመሞች ምክንያት ከአይሪስ፣ ማለትም ብሌንን ከሚከብበው ባለ ቀለም ክፍል፣ ቁራጭ ሲያወጣ የዓይኑ ጥንካሬ እንደሚላላ አስተዋለ። ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ድንገተኛ ግላኮማ በያዛቸው ሰዎች ላይ ሞከረ፤ ግፊቱ ወረደ፣ የብዙዎችም ዕይታ ተረፈ። ውጤቱን በ1857 በብራስልስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። ቀዶ ሕክምናው ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ግን በኋላ ነው፦ በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫው በአይሪስ ሲዘጋ ግፊቱ ይንራል፤ ቀዳዳው ፈሳሹን ስለሚያሳልፈው አይሪሱ ከመውጫው ይርቃል። ያለ ሕመም ቀስ በቀስ በሚያጠቃው የግላኮማ ዓይነት ግን ቀዶ ሕክምናው ያን ያህል ውጤት አላስገኘም።

ፎን ግሬፌ በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ቆይቶ ጁላይ 20 ቀን 1870 በ42 ዓመቱ አረፈ። በ1882 በበርሊን ሐውልት ቆመለት።

በ1960 የመጀመሪያው ሌዘር ከተሠራ በኋላ ፎን ግሬፌ በስለት የከፈተውን ቀዳዳ ሐኪሞች በጨረር መክፈት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ለሚያጠቃው ዓይነትም ከ1979 ጀምሮ ጨረሩን በፈሳሹ መውጫ ላይ በማሳረፍ ፍሰቱን የሚያሻሽል ሕክምና ተገኘ። በ2019 በብሪታንያ ይፋ በሆነ ጥናት ሕክምናቸውን በሌዘር ከጀመሩት መካከል ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ለሦስት ዓመታት ያለ ጠብታ ግፊታቸው ተስተካክሎ ቆይቷል። ሆኖም የሌዘሩ ኃይል ከዓመታት በኋላ ሊደክም ስለሚችል ክትትል ማቋረጥ አይገባም።

ሌዘርም ሆነ ጠብታ የጠፋውን ዕይታ አይመልስም፤ የሚያድነው የቀረውን ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግላኮማን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች አምስተኛ አድርጎታል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ወይም በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው፣ ሕመም ባይሰማውም ዓይኑን ሊመረመር ይገባል። ድንገተኛ የዓይን ሕመም ከዕይታ መደብዘዝና ከማስመለስ ጋር የመጣበት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ አለበት። ፎን ግሬፌ ሊታከም እንደሚችል ያሳየው ይህንኑ ዓይነቱን ነበር።