ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ አረፋ

በግሽ ዓባይ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ያደገ ሰው እንዶድን ሳያውቅ አይቀርም። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ አረፋውም ሸማውን ያነጣል። የፋብሪካ ሳሙና ከመግባቱ በፊት የእናቶቻችን ሳሙና ይኸው ነበር። ዛሬ የምናወሳው ታሪክ ከዚሁ አረፋ የተነሣ ነው፤ ነገሩ የተገለጠው ግን በጎጃም ሳይሆን በዐድዋ ነው፤ ባለ ታሪኩም ሊቁ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወልደው፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ተቀበሉ። በ1964 የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ዐድዋ ወረዱ። የዚህ በሽታ ትል እንቁላሉ ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ የተፈለፈለውም በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው።

ወጣቱ ተመራማሪ ወንዙን ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ይታያሉ፤ ከበላዩ ግን እንዲህ አይደለም። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ለመኗት፤ ጨመረች፣ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፎ ይሆን? ለማየት የቆሙት ግን እሳቸው ነበሩ።

ይህን ግኝት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በአጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የአንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ክብደት የሚለካው ሌሎች ሊቃውንት እያነሡ ሲጠቅሱትና ሥራውን ሲደግሙት እንደ ሆነ ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን በአዲስ አበባ የታተመን መጽሔት በውጭ አገር ስንቱ ገልጦ ያያል? ስለዚህ ዶክተር አክሊሉ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋምን በአዲስ አበባ አቋቁመው ሥራውን አሰፉት፤ በ1970ም የላቦራቶሪና የመስክ ውጤታቸውን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶችም የእንዶዱን ኃይለኛ ንጥረ ነገር ለይተው በስማቸው ሌማቶክሲን አሉት።

በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 ወንዙ በእንዶድ ሲታከም ቆየ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረዱ። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር፤ አላለቀም። በጀርመን የሚሠራውና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ይዞ ሲቀጥል፣ እንዶድ ግን በውጭ አገር ላቦራቶሪ ደኅንነቱ እንደገና ካልተመረመረ ተባለ። እርግጥ ነው፣ እንዶድ ዓሣን ይገድላልና ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም የጀርመኑም መድኃኒት ዓሣን ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ የችግሩ ሥር በአፍሪካ ሳይንቲስቶች ሥራ አለመታመን ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እኛም ይህን እምነታቸውን ለመንቀፍ ምክንያት አላገኘንም።

በዚህ ትግል የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አብረዋቸው ነበሩ። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እየተከሉና እያወዳደሩ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይሉ የበረታውን ዓይነት 44 መረጡ። በ1989 ሁለቱ በአንድነት፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ 24 ዓመት አልፏል።

በ1990 ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ሄደው ሳለ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን የነበረውን ባለ ቅርፊት ፍጥረት እንዶድ ይገድለው እንደ ሆነ እንዲሞከር አሳሰቡ፤ ተሞክሮም ገደለው። በ1993 በተሰጠው የፈጠራ መብት ላይ ባለቤቱ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከፈጣሪዎቹ መካከል የአክሊሉ ለማ ስም ተጽፏል። የዐድዋ አጣቢዎች ስም በዚያ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ዶክተር አክሊሉ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።