ሬቤካ ላንስፊልድ፦ ስውሩን ነገድ የለዩ ሊቅ

ሬቤካ ላንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1895 በኒውዮርክ፣ በስታተን ደሴት ተወለዱ። በዌልስሊ ኮሌጅ የእንስሳት ሥነ ሕይወት አጥንተው፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በሮክፌለር ተቋም ቤተ ሙከራ አሳለፉ።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ዓይነት ይመስላል። እርሳቸው ግን በ1933 በግድግዳው ላይ ባለው ንጥረ ነገር መሠረት በየምድቡ ከፈሉት። ምድብ «ቢ» የላሞችን ጡት የሚያሳብጥ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ በ1935 ከሮናልድ ሄር ጋር ሆነው ከወላዶች በተወሰደ ናሙና ውስጥም መኖሩን አሳዩ። ግኝቱ ለጊዜው ብዙ ትኩረት አልሳበም። በ1970ዎቹ ግን ይኸው ምድብ ጨቅላዎችን በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከሚቀጥፉት ዋና ዋና ተሕዋስያን አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሊቋ ይህን አይተው በ1981 ዐረፉ።

ዛሬ በአንዳንድ አገሮች ነፍሰ ጡር ሴት በ36ኛው ሳምንት ገደማ ትመረመራለች፤ ባክቴሪያው ከተገኘባት በምጥ ጊዜ ፔኒሲሊን በደም ሥሯ ይሰጣታል። ናሙናው እስኪበቅል ግን አንድ ሁለት ቀን የማይቋረጥ መብራት ይሻል። ስለዚህ በከፋ፣ በደካም ሆነ በቦንጋ፣ ለምትወልድ እናት ይህ ጥቅም ይደርስ ዘንድ የሐኪሙ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ መብራቱ፣ ንጹሕ ውሃውና ክረምት የማይዘጋው መንገድ የመሐንዲሱ ዕዳ ናቸው።